የተመልካች ማነስና የነጋዴው ትጋት

ዕቃውን በቪዲዮ እያሳየ በኢንተርኔት ለማስተዋወቅ የተነሣ ነጋዴ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚገጥመው ዋና ፈተና የመሣሪያ እጦት ወይም የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የተመልካች ማነስ ነው። የስልክ ማቆሚያ ገዝቶ፥ መብራት አስተካክሎ፥ የሱቁን ልጅ ካሜራ አስይዞ፥ ግማሽ ቀን ደክሞ ያዘጋጀውን ቪዲዮ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ካወጣ በኋላ በማግሥቱ ሲመለከት ያየው ሰው 63 ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ከነዚህም ውስጥ ጥቂቶቹ የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት 80፥ በሦስተኛው 41 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጎረቤቱ ያለው ባለሱቅ ብቅ ብሎ «እንዴት ነው አርቲስቱ፤ ዛሬስ ስንት ሰው አየህ?» ብሎ ሲቀልድበት፥ ነጋዴው ማቆሚያውን አጥፎ ከመደርደሪያው ሥር ይከተዋል። ከሦስት ወር በኋላ ቻናሉን የሚያስታውሰው የለም።

ይህን የመሰለ አጀማመርና አጨራረስ በየገበያው ብዙ ጊዜ ስለሚታይ ነገሩን በጥቂቱ መመርመር ይገባል። የሚጠፋው ለማቆሚያና ለመብራት የወጣው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጕዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ትልቁ ጕዳት ሌላ ነው። ነጋዴው ሥራው ፍሬ አይሰጥም ብሎ የፈረደው ፍሬው ገና ሊታይ በማይችልበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህም ሥራው ይጠቅመው እንደ ነበረ ወይም አይጠቅመው እንደ ነበረ ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህም በላይ ሐሳቡን ያመጣው ብዙ ጊዜ ልጁ ወይም ወጣቱ ሻጭ ስለ ሆነ፥ ሥራው በሣቅና በፌዝ ሲቆም ያ ወጣት ሁለተኛ ሐሳብ ለማቅረብ አይደፍርም። ለአንድ የንግድ ቤት ከዚህ የከፋ ኪሣራ ማግኘት ያስቸግራል።

ለመሆኑ ነጋዴውን ተስፋ የሚያስቈርጠው ምንድን ነው? በሱቁ ደጃፍ በቀን 63 ሰው ቢገባለት የተባረከ ቀን ነው ይላል። ከነዚህ መካከል 20ው ዋጋ ጠይቀው፥ 8ቱ ገዝተው ቢሄዱ ማታ ሒሳቡን በደስታ ይዘጋል። በቪዲዮ በኩል የመጣው ያው 63 ሰው ግን ውርደት መስሎ ይታየዋል። ልዩነቱ ከሰዎቹ አይደለም፤ ቍጥሩ ለሁሉ በሚታይ ቦታ ከመጻፉ የመጣ ነው። በመርካቶ በአንድም ሱቅ በር ላይ ዛሬ ስንት ሰው እንደ ገባ የሚናገር ሰሌዳ ተሰቅሎ አይታይም። እንዲህ ያለ ሰሌዳ በየደጃፉ ቢሰቀል፥ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ቍጥሩን እያስተያየ ቢውል፥ ደኅና ገቢ ያለው ብዙ ሱቅ ባለቤቱ አፍሮ በአንድ ወር ውስጥ በዘጋው ነበር። በቪዲዮ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሠራው ይህን የመሰለ ሰሌዳ ከራሱ በላይ ተሰቅሎ ነው። ከዚያም አጠገብ ሚሊዮን ተመልካች ያለው የቀልደኛው ሰሌዳ፥ የዘፋኙም ሰሌዳ ይታያል። በኢትዮጵያ ይሉኝታ ምን ያህል ጕልበት እንዳለው የሚያውቅ ሰው፥ ይህ ሰሌዳ የስንቱን ታታሪ እጅ እንደሚያስር ለመገመት አይቸገርም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይህ ቍጥር ምን እንደሚለካ ማወቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ2006 ማቲው ሳልጋኒክ፥ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ውጤቱን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ስማቸው እምብዛም ያልታወቀ ቡድኖች የዘፈኗቸውን 48 ዘፈኖች ሰብስበው፥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲወስዱ አደረጉ። ከሰዎቹ አብዛኞቹን በ8 ክፍል ለያይተው፥ ለእያንዳንዱ ክፍል በዚያው ክፍል ያሉ ሌሎች ሰዎች የትኛውን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደ ወሰዱት አሳዩአቸው። ዘፈኖቹ በሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ውጤቱ ግን ተለያየ፤ በአንዱ ክፍል 1ኛ የወጣ ዘፈን በሌላው ክፍል 40ኛ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ሰዎች አስቀድመው ስለ ወሰዱት ሌሎች ወሰዱት፤ እነዚያም ስለ ወሰዱት ደግሞ ብዙዎች ተከተሉ። እጅግ ጥሩ የነበሩት ዘፈኖች ከታች የወደቁበት፥ እጅግ ደካማ የነበሩትም ከላይ የወጡበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በመካከል ለነበሩት ግን የዕድል ድርሻ ትልቅ ነበረ።

ነጋዴ ይህን ለማመን ተመራማሪ አያሻውም። ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ዳቦ ቤቶች አንዱ ደጃፍ ላይ በማለዳ ሰባት ሰው ከተሰለፈ፥ ስምንተኛው ሰው የሚሰለፈው ከነዚያው ኋላ ነው፤ ዳቦው ከዳቦው ምንም ላይለይ ይችላል። የቪዲዮ ድርጅቶች መሣሪያም ሰው የተሰበሰበበትን እያየ ሌላውን ሰው ወደዚያው ስለሚመራ፥ ሰልፉን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቪዲዮን ማሻሻል ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ ደካማው ሥራ ከላይ የወጣው በጥቂቱ መሆኑ ተነግሯልና። ትምህርቱ፥ የአንድ ሳምንት ወይም የአንድ ወር የተመልካች ቍጥር በነጋዴው ሙያና በዕቃው ጥራት ላይ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም የሚል ነው።

ይህ ከታወቀ ዘንድ ነጋዴው ብርታቱን ከሰሌዳው ላይ መፈለግ ትቶ ከራሱ መዝገብ ሊያገኘው ይችላል። መዝገቡ ውድ ነገር አይደለም፤ የዱቤ ደንበኞች ስም እንደሚጻፍበት ያለ ተራ ደብተር ይበቃል። በደብተሩ ላይ ቪዲዮው የወጣበት ቀንና የታየው ዕቃ ይጻፋል፤ ቀጥሎም በዚያ ቪዲዮ ምክንያት በስልክ ወይም በቴሌግራም የጠየቀ ሰው ስንት እንደ ሆነ፥ ከጠያቂዎቹም ስንቱ እንደ ገዛ ይመዘገባል። ይህ እንዲሆን ሻጩ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቍጥር «ሱቁን እንዴት አወቁት?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ነጋዴ ይህችን አንዲት ጥያቄ ባለመጠየቁ፥ ቪዲዮው ያመጣለትን ደንበኛ መንገድ ያመጣው መስሎት ሲያስተናግድ ይኖራል።

ከመዝገቡ ዐምዶች ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ተመልካቾች ደጋግመው የጠየቁት ጥያቄ የሚጻፍበት ነው። ስለ አንድ ብርድ ልብስ ሦስት ሰዎች «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል ወይ?» ብለው ከጠየቁ፥ የሚቀጥለው ቪዲዮ ርእስ ተገኘ ማለት ነው፤ ብርድ ልብሱን በካሜራ ፊት ማጠብ ነው። ሦስት ሰው በአፉ የጠየቀውን ብዙ ሰው በልቡ ይጠይቀዋል። ተስፋ መቍረጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከድካም ሳይሆን የሚናገሩትን ከማጣት ስለ ሆነ፥ የጥያቄው ዐምድ እንደ እህል ጎተራ ነው፤ ሞልቶ ከተገኘ ሥራው አይቋረጥም።

ዩቲዩብ ለቻናሉ ባለቤት ብቻ የሚያሳየው ሌላ መረጃም አለ፤ ይኸውም ተመልካቹ ቪዲዮውን እስከ የት ድረስ እንዳየውና በየትኛው ደቂቃ ላይ ትቶት እንደ ሄደ የሚያመለክተው መሥመር ነው። ይህ ከጠቅላላው ቍጥር ይልቅ ለማረም ይጠቅማል። ከ63ቱ ሰዎች 40ው እስከ መጨረሻው ከቈዩ ቪዲዮው ደኅና ነው፤ የጐደለው የሚያገኘው ሰው ነው። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሴኮንዶች ከሄዱ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ነጋዴው ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት ተመልካቾቹን በሰላምታ፥ በምስጋናና በምረቃ አንድ ደቂቃ ሙሉ ስላቆማቸው ነው። በሱቁ ውስጥ ደንበኛን እንዲህ የሚያቆም ነጋዴ የለም።

የላኪዎች ጕዳይ ከዚህ ለየት ይላል። ቡና ላኪ ለሆነ ሰው የተመልካች ብዛት ምንም ያህል ትርጕም የለውም። ቀዩ የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው እንዴት እንደሚለቀም፥ ማድረቂያው አልጋ ላይ በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ፥ መጋዘኑም ከእርጥበት እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያሳይ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ 40 ሰው ብቻ ቢያየው፥ ከ40ው መካከል አንዱ ቡና ቈልቶ የሚሸጥ የውጭ አገር ገዢ ከሆነ ሥራው ዋጋውን ከፍሏል። ያ አንድ ገዢ አንድ ኮንቴይነር ቢያዝ 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች፥ ማለት 19,200 ኪሎ ቡና ያህል ነው። ለሣቅ ብለው የሚመለከቱ አንድ መቶ ሺህ ሰዎች አንድ ጆንያ አያነሡም። እንዲህ ያለው ገዢ አስተያየት አይጽፍም፥ ምልክትም አይሰጥም፤ ዝም ብሎ አይቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ናሙና ላኩልኝ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። በርበሬና ሽሮ አሽጎ በዋሺንግተን ወይም በዱባይ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚልክ ነጋዴም እንዲሁ ነው፤ የሚፈልገው የበርበሬውን አዘገጃጀት በዐይኑ ካላየ የማያምነውን ገዢ እንጂ ሕዝብን በሙሉ አይደለም።

አስመጪም ቢሆን ከላኪው አይለይም። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ እውነተኛውን የፍሬን ሸራ ከአስመስሎ ከተሠራው ለይቶ ቢያሳይ የሚመለከተው ሰው መካኒክ ነው። ሦስት መቶ መካኒኮች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ይህን ነጋዴ አፉን እየተመለከቱ ቢያዳምጡት፥ እርሱ ያን ቀን ትልቅ ጉባኤ አደረግሁ ብሎ ለልጆቹ ባወራ ነበር። በስልክ መስኮት ሲሆን ግን 300 የሚለው ቍጥር ብቻ ታይቶት ያዝናል።

ከውጭ አገር የሚጠቀስ አንድ መልካም ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ሃሚልተን የምትባል፥ ሕዝቧ ከ2,000 የማይበልጥ የገጠር ከተማ ትገኛለች። በአሜሪካ የታወቁት የመደብር ባለቤት ሚስተር ጄ. ሲ. ፔኒ በ1875 የተወለዱት በዚህች ከተማ አካባቢ ነው። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ብዙ አሜሪካውያን ለጡረታ ያስቀመጡትን ገንዘብ ባጡ ጊዜ፥ በዚች ከተማ የሚኖረው የዶን ቤተ ሰብም ከተጐዱት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ልጆቹ ለእናታቸው ለወይዘሮ ጄኒ ዶን ትልቅ የስፌት መኪና ገዝተው አንድ ሱቅ ከፈቱላቸው፤ ስሙንም ሚዙሪ ስታር ኩዊልት ኩባንያ አሉት። «ኩዊልት» የሚባለው ከቍርጥራጭ ጨርቅ እየተጋጠመ የሚሰፋ ድርብ የአልጋ ልብስ ነው፤ አሜሪካውያን ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የሚኰሩበት የእጅ ሥራ ነው።

ነገር ግን በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ደንበኛ ከወዴት ይመጣል? ወንድ ልጃቸው አለን እናቱ የስፌቱን ትምህርት በዩቲዩብ እንዲሰጡ አሳሰባቸው፤ እርሳቸውም ስለ ነገሩ ምንም የማያውቁ ሲሆኑ እሺ ብለው ጀመሩ። በእያንዳንዱ ቪዲዮ አንድ የአልጋ ልብስ ከመጀመሪያው ቍራጭ እስከ መጨረሻው ስፌት ድረስ እየሰፉ ያሳያሉ፤ ጨርቁን «ግዙኝ» ብለው አይጮኹም። የሚሰፉበት ጨርቅ በሱቁ እንደሚገኝ ግን ተመልካቿ ታውቃለች። በመጀመሪያ የሚመለከታቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ እርሳቸው ግን ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ በዚያው አውራጃ ከማንም የበለጠ ሠራተኛ የሚቀጥር ሆነ፤ በዋናው መንገድ ላይ የነበሩትንም አሮጌ ቤቶች እያደሰ የጨርቅ ሱቆች አደረጋቸው፤ ስፌት ወዳዶችም ከሩቅ አገር ሱቆቹን ለመጐብኘት ወደ ሃሚልተን ይመጡ ጀመር። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር የድርጅቱን መሪዎች የዓመቱ ምርጥ የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ብሎ ሸልሟቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው ሀብት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፍጻሜ የሚያገኝ ከሺህ አንድ ነውና በዚህ መጽናናት አይገባም። ልብ ሊባል የሚገባው የሥራው ዓይነት ነው። ነጋዴ ሁሉ የሚበላሽ ሸቀጥና የማይበላሽ ሸቀጥ መኖሩን ያውቃል፤ ቲማቲም በሦስት ቀን ካልተሸጠ ይጣላል፥ ጨው ግን ዓመትም ቢቀመጥ ጨው ነው። ቪዲዮም እንዲሁ በሁለት ይከፈላል። የሳምንቱን ዘፈን ይዞ የሚጨፍር ወይም የሳምንቱን ወሬ የሚያነሣ ቪዲዮ ቲማቲም ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ተመልካች ካላገኘ አበቃለት። አንድን ሥራ የሚያስተምር ወይም ስለ አንድ ዕቃ ለሚነሣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቪዲዮ ግን ጨው ነው። ወይዘሮዋ በአንድ ዓመት የሰፉትን የአልጋ ልብስ አንዲት ሴት ከአምስት ዓመት በኋላ አሠራሩን ስትፈልግ ታገኘዋለች። ጨው የሚያከማች ነጋዴ የዛሬው ገዢ ቢያንስም እንቅልፍ አያጣም፤ የተመልካች ማነስ የሚያስጨንቀው በተለይ ቲማቲም ነጋዴውን ነው።

ሌላው ምሳሌ የወይን ጠጅ ነጋዴው ሚስተር ጌሪ ቬይነርቸክ ናቸው። አባታቸው በኒው ጀርሲ ግዛት በስፕሪንግፊልድ የመጠጥ መደብር ነበራቸው፤ ልጅዬው በፌብሩዋሪ 2006፥ ዩቲዩብ ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመት በሆነው ጊዜ፥ የወይን ጠጅ እየቀመሱ የሚናገሩበት ቪዲዮ ማውጣት ጀመሩ። ድግሱም ጌጡም የለም፤ ጠረጴዛ፥ ጠርሙስ፥ ብርጭቆና መትፊያ ብቻ ነው። በሥራ ቀን እያወጡ እስከ ማርች 2011 ድረስ 1,000 ቪዲዮ አድርሰው አቆሙ። ነጋዴዎችን ሊያስደንቅ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በገዛ መደብራቸው የሚሸጠውን ጠጅ እንኳ ካልጣማቸው አልጣመኝም ይሉ ነበር። ይህን የሰማ ተመልካች «ይህኛው ጥሩ ነው» ሲሉ ያምናቸዋል። እምነት እንዲህ በዝግታ የሚከማች ስለ ሆነ፥ ጥቂት ተመልካች ያለው ነጋዴ ካለው ጥቅም አንዱ ይህ ነው፤ የሚያነጋግራቸው ጥቂቶች ስለ ሆኑ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በስሙ እየጠራ ሊመልስ ይችላል። ሚሊዮን ተመልካች ያለው ሰው ይህን ቢመኘውም አይሆንለትም።

ብርታትን ስለ መጠበቅ ከሆነ ደግሞ የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሚሉት አለ። በ1971 ኤድዋርድ ዴሲ የተባሉ አሜሪካዊ ለተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ እንቈቅልሽ ሰጥተው ነበር፤ ለግማሾቹ በሁለተኛው ቀን ለፈቱት እንቈቅልሽ ሁሉ አንድ አንድ ዶላር ከፈሏቸው። ክፍያው በቀረ ጊዜ፥ በዕረፍት ሰዓታቸው እንቈቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው የቀነሰው ገንዘብ በለመዱት ዘንድ ነበር። ቍጥሩን በየሰዓቱ እየከፈተ የሚያይ ነጋዴም እንዲሁ ራሱን ለዚያ ቍጥር ምንዳ ያስለምዳል፤ ምንዳው በጐደለ ቀን ስለ ዕቃው መናገር ይደሰትበት የነበረውን ያህል አይደሰትበትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቍጥሩ በሳምንት አንድ ቀን፥ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰዓት ይታያል፤ በሌላው ቀን ስልኩን መክፈት የደንበኛን ጥያቄ ለመመለስ ብቻ ይሆናል።

ሥራውም የታወቀ ቀን ቢኖረው መልካም ነው። የገጠር ገበያ የሚቆመው በታወቀ ቀን ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም ሻጩ ይወጣል፥ ምክንያቱም አንድ ቅዳሜ ከቀረ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደንበኛው ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ቪዲዮም በሳምንት አንድ ቀን፥ ለምሳሌ ማክሰኞ ማታ፥ መውጣት አለበት። ነገር ግን በበዓል ሰሞን ሱቁ በገዢ ሲጨናነቅ ካሜራ ይዞ መቆም አይቻልምና፥ ገበያ በቀዘቀዘበት ቀን አራትና አምስት ቪዲዮ አከታትሎ አንሥቶ እንደ ዕቃ በመጋዘን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ካሜራውን የሚይዘው ወጣትም የሥራው ሰዓት ተለይቶ ሊታወቅለት፥ ድካሙም ሊታሰብለት ይገባል፤ ከሱቅ ሥራ ላይ እንደ ትርፍ ጨዋታ ከተጫነበት መጀመሪያ የሚሰለቸው እርሱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁሉ ሰው ይጠቅሰዋል፤ ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ልትታቀፈው እንደሚገባ ግን የሚጨምር ጥቂት ነው።

ከማስታወቂያ የሚገኘውን ገንዘብ ዓላማ አድርገው የሚጀምሩ ነጋዴዎችም አሉ። ዩቲዩብ በጃንዋሪ 2018 ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ድርሻ እንዲያገኝ 1,000 ተከታዮችና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ እንዲኖረው ተወስኖ ነበር። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው፤ እያንዳንዱ ተመልካች ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢያይ በዓመት 80,000 ጊዜ፥ በቀን ወደ 220 ጊዜ መታየት አለበት። ቪዲዮ ማዘጋጀት ዋና ሙያው ለሆነ ሰው ይህ ሊታሰብ ይችላል። ጫማ ለሚሸጥ ሰው ግን ትርፉ ከጫማው ነው፤ ይህን ደንብ ለማሟላት ሲል ጫማውን ትቶ ሰው የሚያስቅ ነገር መፈለግ ከጀመረ፥ ተመልካች ያገኝ ይሆናል፥ ገዢ ግን አያገኝም።

ከዚህ የባሰው ተመልካችና ተከታይ በገንዘብ መግዛት ነው። አምስት ሺህ ተከታይ በዚህ ያህል ብር እንሸጣለን የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። የሚሸጡት ሰው አይደለም፤ አብዛኛው በመሣሪያ የተፈጠረ ስም ነው፤ ዩቲዩብና ቲክቶክም ይህን ይከለክላሉ። ዕቃ የማይገዛ፥ ጥያቄ የማይጠይቅ ስም መዝገብን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። ሚዛኑን በድንጋይ ያጋደለ ነጋዴ ቢያንስ የሚያታልለው ሌላውን ሰው ነበር።

መጽናት ማለት ግን ዐይንን ጨፍኖ መቀጠል አይደለምና፥ ገና ከመጀመሪያው የሚያቆሙበትን ቀን መቍረጥ ይሻላል። በሳምንት አንድ ቪዲዮ እየወጣ አንድ ዓመት ቢሆን 52 ቪዲዮ ይሆናል፤ ለስንት ሰዓት ሥራና ለስንት ብር ወጪ እንደ ሆነም መዝገቡ ያሳያል። በዓመቱ መጨረሻ ነጋዴውና ካሜራውን የያዘው ወጣት መዝገቡን ፊት ለፊት ዘርግተው፥ ጠያቂው ስንት እንደ ነበረ፥ ገዢውም ስንት እንደ ነበረ ደምረው ይወስናሉ፤ ከዚያ ቀን በፊት ስለ ማቆም አይነጋገሩም። ትርፉ ከወጪው ያነሰ ከሆነ ማቆም የሚያሳፍር አይደለም፤ ያላዋጣ ዕቃ ማስመጣት እንደ ማቆም ያለ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን 52ቱ ቪዲዮዎች አይጠፉም። ደንበኛ በስልክ ደውሎ ብርድ ልብሱ ሲታጠብ ይለቅ እንደ ሆነ ሲጠይቅ፥ ሻጩ የታጠበበትን ቪዲዮ በቴሌግራም ልኮለት በሱቁ የቆመውን ሌላ ገዢ ማስተናገዱን ይቀጥላል።